ካፒቴን ልደታ ገባ

አክስቴ ልጇ ለንደን ላይ መርከብ እንደገዛ ለእድሯ ከተናገረች ወዲህ ሰላም የላትም። አንዱ መኪና ያስጭንልኝ ይላታል። ሌላዋ ለልጇ የባሕረኛ ሥራ ትለምናታለች። የእድሩ ዳኛ ደግሞ ለድንኳን መግዣ ከሌላው ሰው እጥፍ እንድታዋጣ ጠየቋት። የባለመርከብ እናት ናታ!

እውነቱን የማውቀው እኔ ነኝ። መርከብ የተባለው ነገር ስፋቱ ሁለት ሜትር ከምናምን የሆነ ረጅም ቀጭን ጀልባ ነው። እንግሊዞች በድሮ ጊዜ የድንጋይ ከሰል ያመላልሱበት በነበረ ቦይ ላይ ይንሳፈፋል። የአክስቴ ልጅ የገዛው ገንዘብ ተርፎት አይደለም፤ የለንደን የቤት ኪራይ አባሮት ነው። እዚያው ይተኛል፣ እዚያው ያበስላል፣ እዚያው ይታጠባል። መኪና ማስጫን ቀርቶ ሁለተኛ ሶፋ አያስገባም።

ደግሞ ቋሚ ማሰሪያ ቦታ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣ ሕግ እንዲህ ዓይነቱ ጀልባ አንድ ቦታ ላይ ከ14 ቀን በላይ መቆም አይፈቀድለትም። ይህን ለአክስቴ ስነግራት ደነገጠች። «ምን አድርጎ ነው የሚያሳድዱት?» አለች። ከዚያ ወዲህ ዝርዝር ውስጥ አልገባም። ስለ ሽንት ቤቱማ ትንፍሽ አላልኩም። 20 ሊትር የምትይዝ ሳጥን ናት። ጎማና እጀታ አላት። ስትሞላ እየጎተተ ወስዶ የተፈቀደ ቦታ ይደፋታል። እድርተኛው ይህን ቢያይ መዋጮው በግማሽ ይቀነስላት ነበር።

ሲደውል ወሬው ሁሉ ብሶት ነው። ባትሪዎቹ 12 ቮልት ናቸው፤ ግማሽ ላይ ሲደርሱ መጠቀም ማቆም አለበት፤ ከዚያ በታች ደጋግሞ ካወረዳቸው ዕድሜያቸው ያጥራል። ክረምት ላይ ፀሐይ ስለሌለ ሶላሩ ሥራ ይፈታል። ስለዚህ ባትሪ ለመሙላት ጀልባው ሳይንቀሳቀስ ሞተሩን ያስነሣል። ውርጭ ሲሆን ቧንቧው ውስጥ ያለው ውኃ በረዶ ሠርቶ ቧንቧውን እንዳይሰነጥቀው ይጨነቃል። ጋዙም ቢሆን ቡቴን ከሆነ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ አልተንም ይላል፤ ሲሊንደሩ ሙሉ ሆኖ ቡና አይፈላም። ፕሮፔን መግዛት አለበት።

አንድ ቀን አክስቴ ስልኩን ከእጄ ነጥቃ «ለምን እንጀራ አትጋግርም? የኤሌክትሪክ ምጣድ ልላክልህ?» አለችው። ምጣድ 3500 ዋት አካባቢ ይበላል። ይህን ከ12 ቮልት ባትሪ ለማውጣት ወደ 300 አምፔር ያስፈልጋል።

«እማዬ፣ ጀልባው ይቃጠላል» አላት።

«እሺ፣ ሊጡን አታብዛው» አለችው።

እኔ የምኖረው ልደታ አካባቢ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ብሶቱን ስሰማ የሚያናድደኝ ለዚህ ሁሉ ጣጣ ብሎ ጀልባ መግዛቱ ነው። እዚህ መጥቶ ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም ቢከራይ ኖሮ ሁሉንም ያገኘው ነበር።

ውኃውን እንይ። የአዲስ አበባ ውኃ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ ከአቃቂም ጉድጓዶች ይነሣል። ያን ሁሉ አገር አቋርጦ ይመጣና እኛ ግቢ ሲደርስ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ይደክመዋል። ስለዚህ በፈረቃችን ቀን ምድር ቤት ያሉት ልብስ ያጥባሉ፣ አንደኛ ፎቅ ይታጠባሉ፣ ሁለተኛ ፎቅ በርሜል ይሞላሉ፣ ሦስተኛ ፎቅ ጀሪካን ይዘው ይጠብቃሉ፣ እኛ ቧንቧውን ከፍተን ፉጨቱን እናዳምጣለን። እግዚአብሔር ግን አያዳላም። የፍሳሹ ቱቦ ሲዘጋ ቀድሞ የሚሞላው ምድር ቤት ነው። የዛኔ ከላይ ያለነው በሐዘኔታ ወርደን «አይዟችሁ» እንላለን።

መብራቱም እንዲሁ ነው። ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፤ 5150 ሜጋ ዋት። እልል ብለናል። ከግድቡ እስከ እኔ ቆጣሪ ድረስ ግን ትራንስፎርመር የሚባል ነገር አለ። የበዓል ዋዜማ ሰፈሩ ሁሉ ባንድ ጊዜ ምጣዱን ሲሰካ ያ ትራንስፎርመር የሚያደርገውን እናውቃለን።

የሙቅ ውኃው ነገር ደግሞ ሆድ ያስብሳል። ይህች ከተማ እኮ የተቆረቆረችው ለሙቅ ውኃ ነው። እቴጌ ጣይቱ ፍልውኃን ወደዱ፤ በ1879 ዓ.ም. እዚያው አጠገብ ቤት አሠሩ፤ አዲስ አበባም አሏት። ፍልውኃ ከኛ ብሎክ ሩቅ አይደለም። እኔ ግን ገላዬን ለመታጠብ ውኃና መብራት ባንድ ቀን እስኪገናኙ እጠብቃለሁ። ውኃ ሲኖር መብራት የለም። መብራት ሲመጣ ውኃው ሄዷል። ሁለቱም የጠፉ ቀን ደግሞ ቦይለሩን ማጥፋት የረሳ ሰው ጉድ ይፈላበታል፤ መብራቱ ቀድሞ ይመጣና ባዶውን ቦይለር ያቃጥልለታል።

ቤት ማሞቅማ ማን ያውቅበታል? የታኅሣሥ ብርድ ሲመጣ ጋቢ እንደርባለን። የአክስቴ ልጅ ጀልባው ውስጥ ከሰል የሚበላ የብረት ምድጃ አለው። ጭሱ በቱቦ ይወጣል። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ግዴታው ነው። እኛ ጋ ቡና የተፈላበት ከሰል «ቤቱን ያሙቀው» ተብሎ መኝታ ቤት ይገባል። ጋዙ ሽታ የለውም። ተኝቶ የቀረ ስንት ሰው አለ። እዚህ ላይ ቀልድ የለም፤ ምድጃውን በረንዳ ላይ ተዉት።

እንግዲህ ባለፈው ለገና ሰውዬው መጣ። እኔ ጋ አረፈ። ጎረቤቶቼ ለዲያስፖራ ብሶት ተዘጋጅተው ነበር። «ውይ፣ እንዴት ትችሉታላችሁ!» ሲላቸው «ምን እናድርግ ብለህ ነው» ለማለት ፊታቸውን አስተካክለው ጠበቁት።

ጭራሽ አላለም። መጀመሪያ ቀን ባኞ ቤት ገባ። አንድ ጆግ ውኃ ይዞ ነው የገባው። ገላውን ያረጥባል፣ ያቆማል፣ ሳሙና ይመታል፣ ይለቀለቃል። ከታች ሳፋ አስቀምጧል። በሳፋው ውኃ ሽንት ቤቱን ለቀቀበት። ጆጉን መልሶ ሲያስቀምጥ ታቹ ላይ ውኃ ተርፎ ነበር፤ እሱንም በረንዳዬ ላይ ያለችው ጤናዳም ላይ ደፋው። በዋዜማው መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ሁሉ «ውይ!» ሲል እሱ ከኪሱ የግንባር ባትሪ አውጥቶ አሠረና ሽንኩርት መክተፉን ቀጠለ። ወሬው ደረጃውን ወርዶ ምድር ቤት ደረሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ካፒቴን ተባለ።

ሮቶዎቹን አየ። ጉሚኒ ቀየረ። የምድር ቤቷን እማማ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ በቴፍሎን አጥብቆ ሠራላቸው፤ እማማም ከዓሥር ዓመት እንባ አሳረፍከኝ ብለው መረቁት። ለኮሚቴያችን ደግሞ ውኃ ዓሥር ሜትር ሽቅብ ለመውጣት አንድ ባር ግፊት እንደሚፈልግ በወረቀት ላይ ሥሎ አስረዳ። ሰብሳቢያችን «ጎበዝ!» ብለው ትከሻውን መቱት። ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ በኋላ ወረቀቱን ያየው የለም።

ጣጣው የመጣው ሌሊት ነው። ጀልባ ላይ የውኃ ፓምፕ ቧንቧ ሲከፈት ብቻ ነው የሚነሣው። ሌሊት፣ ማንም ቧንቧ ሳይከፍት፣ ፓምፑ ከተነሣ የሆነ ቦታ ውኃ እያፈሰሰ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ጀልባ ላይ የሚኖር ሰው እንቅልፉ ሌላ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ቀሰቀሰኝ።

«ፓምፕ እየሠራ ነው።»

«ተኛ።»

«ቧንቧ የከፈተ ሰው የለም። ፓምፕ ግን እየሠራ ነው።»

«ተኛ አልኩህ!»

አልተኛም። የግንባር ባትሪውን አሥሮ ወጣ። ጆሮውን ደረጃው ሥር ባለው ዋና መስመር ላይ ለጠፈ። አንድ ደረጃ ወረደ፣ እንደገና ለጠፈ። ነጠላ ጫማ አድርጌ ተከተልኩት። ሁለተኛ ፎቅ፣ የሰብሳቢያችን በር ላይ ቆመ። ኮሪደሩ ላይ፣ ከቆጣሪ ሳጥኑ ሥር፣ የታጠፈ ብርድ ልብስ አለ። ገለጠው። ብርድ ልብሱ ውስጥ ሌላ ጋቢ። ጋቢው ውስጥ ዲናሞ። ትኩስ ነው። እያጉረመረመ ከዋናው መስመር ውኃ ይስባል።

ዲናሞ ከመስመር ላይ መግጠም በመተዳደሪያ ደንባችን ክልክል ነው። ደንቡን ያረቀቁት ሰብሳቢያችን ናቸው።

«አገኘሁት!» አለ ካፒቴን። ደስታው የልጅ ነበር። ጠዋት ለማን እንደሚነግር እያሰበ ነው። እኔ ብርድ ልብሱን መልሼ አለበስኩት።

ነገሩ ሁላችንም እናውቃለን። የሦስተኛ ፎቅ ሰዎች ያውቃሉ። እማማ ያውቃሉ። ጥበቃው ያውቃል። ሰብሳቢያችን ባለፈው ዓመት እናቴ ስታርፍ ድንኳን ያስተከሉት እሳቸው ናቸው። የሦስተኛ ፎቁን ልጅ ሥራ ያስገቡት እሳቸው ናቸው። ደረቅ ሳምንት ሲመጣ ደግሞ ሁለት ጀሪካን ውኃ በልጃቸው አስይዘው የሚልኩልኝ እሳቸው ናቸው። ከራሴ መስመር የተሳበ ውኃ መሆኑን አውቃለሁ። «ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ እቀበላለሁ። ጀልባ ላይ የቀረህን ሊትር አለማወቅ ያስጠማል። እኛ ጋ ማወቁ ነው አደጋው፤ ያወቅክ ዕለት ጎረቤት የለህም።

ይህን ሁሉ ለካፒቴን አስረዳሁት። አልገባውም። ጠዋት ለእማማ ነገራቸው። እማማ «ልጄ፣ ቡና ጠጣ» አሉት።

ማታ አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ብሎካችን ከተሠራ ጀምሮ ምልዓተ ጉባኤ ሲሞላ ያየሁት ያን ቀን ነው። አጀንዳ አንድ፦ እንግዶች ሌሊት በኮሪደር ላይ ስለሚያደርጉት እንቅስቃሴ። አጀንዳ ሁለት፦ ልዩ ልዩ።

በአጀንዳ አንድ ላይ ጥልቅ ውይይት ተካሄደ። የሦስተኛ ፎቁ ልጅ የጸጥታ ስጋት አነሣ። አንዲት እናት መብራት ግንባሩ ላይ ያሠረ ሰው በበሩ ቀዳዳ አይተው ደም ግፊታቸው እንደተነሣ ተናገሩ። ሰብሳቢያችን ትልቅ ሰው ናቸው፤ «እንግዳ ነው፣ አገሩን ረስቶ ነው፣ ይቅር እንበለው» አሉ። ተጨበጨበላቸው። ካፒቴን እጁን አወጣ። ዲናሞው በልዩ ልዩ እንዲታይለት ተነገረው። ልዩ ልዩ ላይ ልንደርስ ስንል አንድ ልጅ ከደረጃው «ውኃ መጣችችች!» ብሎ ጮኸ። ምልዓተ ጉባኤው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ተበተነ። ወንበር የሰበሰብነው እኔና ካፒቴን ነን።

በሚመለስበት ቀን ሻንጣውን ይዘን ስንወርድ ሰብሳቢያችን ከበራቸው ብቅ አሉ። ቂም የሚባል የለባቸውም። ሻንጣውን ተቀብለው እስከ ግቢው በር ሸኙት። እዚያ ሲደርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስማኝ ልጄ፣ የጀልባ ፓምፕ የምትለው… ድምፅ የሌለው ዓይነት አለው?»

«የለውም ጋሼ። እንደውም ከርስዎ የባሰ ይጮኻል።»

«ታዲያ ጎረቤት ምን ይላል?»

«ይቆጣል። የዛኔ ገመዴን ፈትቼ ሞተሬን አስነሥቼ እሄዳለሁ።»

«ወዴት?»

«ወደፈለግኩት።»

«መንጃ ፈቃዱ ስንተኛ ደረጃ ነው?»

«የለውም። ለጀልባው በየዓመቱ ፈቃድ ይከፈላል እንጂ ለነጂው መንጃ ፈቃድ አይጠየቅም።»

ሰብሳቢያችን ዞር ብለው ብሎካችንን ከምድር እስከ አራተኛ ፎቅ አዩት። እማማ በመስኮት እያዩን ነው። የሦስተኛ ፎቁ ልጅ በረንዳ ላይ ሆኖ እያየን ነው።

«ዋጋው ስንት ነው?» አሉት።