ቦዩን ለማየት ጨረታ አያስፈልግም

ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ ውስጥ በተጠራ የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። ጉዳዩ ከአንድ የግል የጭነት ግቢ የሚወጣው ጎርፍ ነው። ኮንቴይነር ይራገፍበታል፣ ከባድ መኪና ያድርበታል፣ ፎርክሊፍት ሲመላለስበት ይውላል። ስሙን አልጠራም። ሰው ስለ ቦዩ ሽታ ተናግሮ ሲጨርስ ሥራ አስኪያጁ ተነሡ። «አማካሪ ድርጅት ለመቅጠር ቢጋር፣ ማለትም የሥራውን ዝርዝር መግለጫ፣ እያዘጋጀን ነው፤ ጥናቱ ሲያልቅ እርምጃ እንወስዳለን። አሜሪካ እንኳን ወደቦች የዝናብ ውሃ ፈቃዳቸውን የሚያሟሉት በአማካሪ ነው» አሉ። አንዳንዱ አጨበጨበ። የእኔ ደም ግን ፈላ።

እሺ፣ ከአሜሪካው እንጀምር። እዚያ ያሉ ወደቦች አማካሪ መቅጠራቸው እውነት ነው። ግን ፈቃዱ ምን እንደሚል ለሥራ አስኪያጁ ማን ነገራቸው? የአሜሪካ የውሃ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1987 ሲሻሻል፣ ከኢንዱስትሪ ሥራ ጋር የተያያዘ፣ ከግቢ ታጥቦ የሚወጣ የዝናብ ውሃም ፈቃድ የሚጠየቅበት ሆነ። የፌዴራሉ አጠቃላይ ፈቃድ ግቢውን በየሩብ ዓመቱ ጎርፉ ከግቢህ ከሚወጣበት ላይ ውሃ ቅዳ ይለዋል። በጠራ ጠርሙስ ቅዳ፣ ጎርፉ መውጣት በጀመረ በ30 ደቂቃ ውስጥ ቅዳ ይለዋል። ቀለሙን፣ ሽታውን፣ አረፋውን፣ የሚንሳፈፍበትን ዘይት አይተህ መዝግብ ይላል። ከራስህ ሠራተኞችም ይህን ጉዳይ የሚይዝ ቡድን በስም ወይም በሥራ መደብ ለይተህ አስቀምጥ ይላል።

30 ደቂቃ! ይቺን ቁጥር ያዙልኝ።

አማካሪው ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። የሚመጣውም ውል ሲፈረም፣ ምናልባት ኅዳር ወይም ጥር ላይ፣ ግቢው አቧራ ሲሆን ነው። ፎቶ ያነሣል፣ ሁለት ሦስት ሰው ያነጋግራል፣ ይመለሳል። ሐምሌ ላይ ደመናው ከሐረጎ ተራራ በኩል ተንከባሎ ሲወርድ እሱ ኮምቦልቻ የለም። በዚያች ግማሽ ሰዓት ግቢው ውስጥ ያለው የጥበቃ ሠራተኛው ነው። ካቢና ውስጥ የተጠቀለለው ረዳት ነው። ዝናብ ሸሽቶ ቆርቆሮ ሥር የቆመው የፎርክሊፍት ሹፌር ነው። የትኛው መኪና ናፍጣ እንደሚያንጠባጥብ ያውቃሉ። የተቃጠለው ዘይት የፈሰሰው በየትኛው ጥግ እንደሆነ ያውቃሉ። የቱ በርሜል ክዳን እንደሌለው፣ ማን ሞተር እንዳጠበ፣ ውሃው በየት በኩል ዞሮ ወደ ቦዩ እንደሚገባ ያውቃሉ። በስብሰባው ላይ ግን አንዳቸውም አልነበሩም። ማንም አልጠራቸውም። የሚያውቀውን ሰው በር ላይ አቁሞ የማያውቀውን በጨረታ የሚፈልግ ድርጅት ችግሩን መፍታት አይፈልግም። ጊዜ መግዛት ነው የሚፈልገው።

ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። ሰኔ ላይ፣ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ የጣለ ቀን፣ ጃንጥላዬን ይዤ ከግቢው ጀርባ ካለው ቦይ ሄድኩ። በባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ቀዳሁ። ላዩ ላይ ዘይቱ ሰማያዊና ሐምራዊ ሆኖ ይንሳፈፋል። ሲከፈት ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ትንሽ ሲቀመጥ ደግሞ እንደ ቡና አተላ የጠቆረ ደለል ከሥሩ ረጋ። ከወራት ደረቅ ጊዜ በኋላ የመጣ የመጀመሪያ ዝናብ መሬት ላይ የተጠራቀመውን ሁሉ ጠራርጎ ነው የሚወጣው። ይህን ለማየት የወሰደብኝ 10 ደቂቃ ነው። ወጪዬም የታክሲ ነው።

የዚያ ቦይ መድረሻ ቦርከና ወንዝ ነው። ቦርከና ከደሴ በኩል ወርዶ፣ በኮምቦልቻ አልፎ ወደ ጨፋ ረግረግ ይሄዳል። በበጋ የአፋርና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን ይዘው የሚወርዱት ወደዚያው ጨፋ ነው። ወንዙ ከፋብሪካዎቻችን የሚቀበለው አንሶት ነው የጭነት ግቢ ዘይት የሚጨመርበት?

አንድ ነገር ልቀበል። ዘይትና ውሃ የሚለይ ገንዳ ስፋቱ ስንት ይሁን ቢባል መሐንዲስ ያስፈልጋል። ለዚያም የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚሁ ኮምቦልቻ ነው። በርሜል ላይ ክዳን ለመግጠም፣ የሚያንጠባጥብ ሞተር ሥር ሳፋ ለማስቀመጥ፣ የፈሰሰ ዘይት ላይ ሰጋቱራ በትኖ ለመጥረግ ግን ቢጋር አይጻፍም። ዛሬ ከሰዓት ይሠራል።

ደግሞ አማካሪ መቅጠር ከተጠያቂነት አያድንም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለው ያጽዳ ወይም የማጽጃውን ወጪ ይክፈል ይላል። ጥናት እያስጠናሁ ነው ያለ ይቆይ የሚል ነገር የለውም። ያው አዋጅ ማንም ሰው፣ ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል ይፈቅድለታል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል።

እኔ አቤቱታዬን ትናንት አስገብቻለሁ። ቀኑን መቁጠር ጀምሬአለሁ። ጠርሙሱ ክዳኑ እንደተጠበቀ፣ የቀዳሁበት ቀንና ሰዓት ተጽፎበት መስኮቴ ላይ ተቀምጧል። ሥራ አስኪያጁ ማየት ከፈለጉ ይዤላቸው እመጣለሁ።