ሰር አርተር ሉዊስ የመጀመሪያው ጥቁር የኖቤል ተሸላሚ አይደሉም

ስለ ሴንት ሉሲያ ታዋቂ ሰዎች በሚጻፉ አስተያየቶች ላይ አንድ ነገር እየተደጋገመ ነው። «ከዚህች ትንሽ የካሪቢያን ደሴት የወጡት ሰር አርተር ሉዊስ ኖቤልን ያሸነፉ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ናቸው» ይባላል። በቅን ልቦና እንደሚጻፍ አልጠራጠርም፤ ግን ስህተት ነው።

ሉዊስ በኢኮኖሚክስ የተሸለሙት እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ከእሳቸው በፊት ሦስት ጥቁሮች የሰላም ኖቤልን ወስደዋል፦ አሜሪካዊው ራልፍ በንች በ1950፣ ደቡብ አፍሪካዊው አልበርት ሉቱሊ በ1960፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ ደግሞ በ1964። የሉዊስ ቀዳሚነት ሌላ ነው። ከሰላም ውጪ ባለ ዘርፍ የተሸለሙ የመጀመሪያው ጥቁር እሳቸው ናቸው።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ስህተቱ ሲደጋገም ሉቱሊ ይረሳሉ። አፓርታይድን በሰላማዊ መንገድ ሲታገሉ የኖሩ፣ ኖቤልን ያገኙ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ናቸው እኮ! የሉዊስም ትክክለኛ ክብር ይደበዝዛል። የድሃ አገሮች ኢኮኖሚ እንዴት እንደሚያድግ ያጠኑ፣ የነጻይቱን ጋናን መንግሥት ያማከሩ ሰው ናቸው።

ማረጋገጥ ለሚፈልግ የኖቤል ድርጅት ድረ ገጽ ላይ የተሸላሚዎች ዝርዝር በየዓመቱ አለ። 1950ን፣ 1960ን እና 1964ን ከፍቶ ማየት ይበቃል።

ስለ ደሴቷ የሚባለው ሌላው ነገር ግን፣ ሁለት የኖቤል ተሸላሚዎችን አፍርታለች የሚለው፣ እውነት ነው። በ1992 የሥነ ጽሑፍ ኖቤል ያገኙት ዴሬክ ዋልኮትም የደሴቷ ዋና ከተማ የካስትሪስ ልጅ ናቸው፤ ሁለቱም የተወለዱት ጃንዋሪ 23 ነው፣ በ15 ዓመት ልዩነት።