ክሩዝ ኮንትሮል የከለከሉት ሰዎች ረጅም መንገድ ነድተው ያውቃሉ?

ሰሞኑን አንድ የሞተረኞች ክለብ ያወጣውን ደንብ ሳታዩት አልቀራችሁም፣ ያላየ ካለ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ረጅም ጉዞ ላይ ስሮትል ሎክ (የነዳጅ መስጫውን እጀታ ባለበት የሚያቆም ዕቃ) የገጠመ ሰው አውልቆ ይምጣ፣ ሞተሩ ከፋብሪካ ክሩዝ ኮንትሮል (ፍጥነትን በራሱ የሚጠብቅ ሲስተም) ይዞ የወጣ ደግሞ አጥፍቶት ይንዳ፣ ሲጠቀም የተገኘ ከሰልፉ ይወጣል። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ ከአመራሮቹ አንዱ የመለሰው "ነዳጅ በእጁ መስጠት የሰለቸው ሰው መኪና ይግዛ" ብሎ ነው። ሰዉም አጨበጨበ። እኔን ከደንቡ በላይ ያናደደኝ ጭብጨባው ነው።

እስቲ መኪና ይግዛ ማለት ምን ዓይነት ክርክር ነው? በዚህ ሂሳብ ከሄድን ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ) ያለው ሞተር የሚነዳም መኪና ይግዛ፣ እጁን እንዳይበርደው የሚሞቅ እጀታ ያስገጠመም መኪና ይግዛ፣ ሰውየው ራሱ እኮ ሞተሩን የሚያስነሳው በአውራ ጣቱ ቁልፍ ተጭኖ ነው እንጂ በእግሩ ረግጦ አይደለም፣ እሱም ይግዛ እንግዲህ። "የድሮ ሞተረኛ እንዲህ ዓይነት ቅንጦት አያውቅም ነበር" ያላት ደግሞ ትብሳለች፣ ምክንያቱም ውሸት ናት። የድሮዎቹ ሃርሊ ዴቪድሰኖች ነዳጅ መስጫው ስር በጣት የምትጠብቅ ብሎን ነበረቻቸው፣ ጠበቅ ስታደርጋት እጀታው ባለበት ይቆምልሃል፣ የድሮዎቹ ቢኤምደብሊው ቦክሰሮችም ላይ የዚህ ዓይነት ነገር ነበረ። ፋብሪካው ራሱ ገጥሞ ነበር የሚሸጠው! ዛሬ "እውነተኛ ሞተረኛነት" እየተባለ የሚለቀስለት የዛ ዘመን ሰው ብሎኗን ጠበቅ አድርጎ ጣቱን ሲያፍታታ ነው የኖረው፣ መኪና ግዛ ያለውም የለም።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ዋናው ነገር ቀኝ እጅ ነው። ግራ እጅ ትልቅ መንገድ ላይ መጨረሻው ማርሽ ከገባ በኋላ ፍሪሲዮን የሚይዝበት ምክንያት የለም፣ ሲፈልግ ጭን ላይ ያርፋል፣ ሲፈልግ ለሚያልፍ ሞተረኛ ሰላምታ ይሰጣል። ቀኝ እጅ እንዲህ ያለ ዕድል የለውም። ነዳጁን የሚዘጋው ሞላ ሁልጊዜ እጀታውን ወደ መዝጊያው ይስበዋል፣ ይሄ ሆን ተብሎ ነው የተሠራው፣ እጅህ ድንገት ቢለቅ ነዳጁ በራሱ እንዲዘጋ፣ የአሜሪካ የሞተር ሳይክል ደህንነት መስፈርት ላይ ሁሉ ተጽፏል፣ ጥሩ ነገር ነው የሚቃወመውም የለም። ግን ሞላው ሲስብ አንተ ደግሞ በተቃራኒው ይዘህ መቆየት አለብህ ማለት ነው። እስቲ አንድ የበር እጀታ ግማሽ ድረስ አዙርና ሳትለቅ ሳታንቀሳቅስ ሦስት ሰዓት ቁም። ከባድ ነገር አልያዝክም እኮ፣ ሞላ ብቻ ነው። የተወጠረ ጡንቻ ሳይላላ ሲቆይ ደም እንደልብ አያገኝም፣ አንጓህ ታጥፎ ሲቆይ በውስጡ የሚያልፈው ነርቭ ይጨመቃል፣ ከኢንጂኑ የሚመጣው ንዝረት ከላይ ይደረብበታል። መጀመሪያ ትንሿ ጣት ወይ አውራ ጣት አካባቢ መርፌ መርፌ ይልሃል፣ ቀጥሎ ይደነዝዛል፣ ቀጥሎ እጅህ ያንተ ይሁን የጓንቱ መለየት ያቅትሃል።

እና ይሄ የደነዘዘ እጅ ሌላ ሥራ አለው፣ የፊት ፍሬን። ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ፊት ጎማ ይሄዳል፣ አብዛኛው የማቆም አቅም እዛ ነው ያለው፣ ይሄን ደግሞ ክለቡ ራሱ ለጀማሪዎች ያስተምራል። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስትሄድ በሰከንድ 28 ሜትር ገደማ ነው የምትጓዘው፣ ጣቶችህ የፍሬኑን ማንሻ ፈልገው እስኪያገኙ ግማሽ ሰከንድ ብቻ ቢዘገዩብህ 14 ሜትር ሄደሃል፣ ከአንድ ትልቅ አውቶቡስ ርዝመት ይበልጣል። መዘግየቱ ብቻ ቢሆን ደግ፣ የፊት ፍሬን በስሜት ነው የሚያዘው፣ ቀስ ብሎ ጀምሮ እየጨመሩ፣ የማይሰማ ጣት ግን ወይ ይነካል ወይ ጨምድዶ ይይዛል መሀል የሚባል ነገር የለውም፣ ኤቢኤስ የሌለው ሞተር ላይ ጨምድዶ መያዝ ምን እንደሚያመጣ ማንም ይንገራቸው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ስሮትል ሎክ ከጣለው ሰው ይልቅ የደነዘዘ ቀኝ እጅ የጣለው ይበልጣል፣ በብዙ ይበልጣል፣ የወደቀ ሰው ግን እጄ ደንዝዞ ነበር አይልም፣ "ድንገት ገባብኝ" ነው የሚለው።

ክልከላው ሲመጣስ ሰዉ ምን የሚያደርግ ይመስላችኋል? ረጅም መንገድ የነዳ ሁሉ ያውቀዋል፣ ግራ እጁን በታንኩ ላይ አሻግሮ ነዳጁን ይይዝና ቀኙን ያራግፋል። በሙሉ ፍጥነት፣ በተጣመመ ትከሻ፣ የፊት ፍሬኑ ላይ ጣት ሳይኖር። ደንቡ ይሄን አልከለከለም። ሎክ ያለው ሰው እጁን ለማፍታታት ጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል፣ እጁም ከማንሻው አጠገብ ነው፣ እሱ ከሰልፍ ይባረራል፣ የሰርከሱ ሰውዬ ግን ይቀጥላል። ጎበዞች።

"ፍሬን ስትይዝ አይለቅም" ሲሉም ሰምቻለሁ። ምኑ ነው የማይለቀው? ሁለት የተለያየ ዕቃ አንድ ላይ አደባልቀው ነው የሚያወሩት። ከፋብሪካ የሚመጣው ኤሌክትሮኒክ ክሩዝ ፍሬን ነካ ስታደርግ ይለቃል፣ ፍሪሲዮን ስትይዝ ይለቃል፣ አብዛኛው ላይ እጀታውን ከመዝጊያው ትንሽ አሳልፈህ ወደፊት ስትገፋውም ይለቃል። ስሮትል ሎክ ደግሞ፣ መሪው ጫፍ ላይ የሚጠብቀው ካኦኮ የሚባለውም ይሁን በአውራ ጣት የሚጫነው አትላስ የሚባለው፣ በሰበቃ ነው የሚይዘው፣ ፍሬን ሲያዝ በራሱ አይለቅም ልክ ናቸው፣ ግን በእጅህ ስታዞረው ይዞራል፣ ለዛ ነው የተሠራው። በእጅ የማይዞር ሎክ የገጠመ ካለ እሱን አውልቁት፣ እዚህ ላይ አልከራከርም። ዝናብ ላይም አልከራከርም፣ የሚያንሸራትት መንገድና ጥምዝምዝ ላይ አትጠቀሙ ብሎ ማንዋሉ ራሱ ይጽፋል። ከዚህ ውጪ የምሰጣቸው ነገር የለም።

"እንቅልፍ ያመጣል" ለምትለው ደግሞ፣ ሎክ እጀታውን ነው የሚይዘው ፍጥነቱን አይደለም፣ ዳገት ላይ ይቀንሳል ቁልቁለት ላይ ይጨምራል፣ በየደቂቃው ታስተካክለዋለህ፣ በምን ጊዜ ነው የምትተኛው? አይረን በት የሚባለው ማኅበር 1000 ማይል፣ ማለትም 1609 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ለጨረሰ ሰው ሰርተፍኬት ይሰጣል፣ ይሄን ከሚሞክሩት ብዙዎቹ ሞተራቸው ላይ ወይ ሎክ ወይ ክሩዝ አለ። በድካም ጉዳይ እነሱን ልስማ ወይስ ግማሽ ቀን ነድቶ ምሳ የሚበላ የክለብ አመራር?

የሚገርመው ይሄ ሁሉ በ"ሰልፍ ደህንነት" ስም መሆኑ ነው። በሰልፍ ስትነዳ መጨረሻ ላይ ሆነህ ታውቃለህ? ፊት ያለው ሰው ፍጥነቱን ትንሽ ከፍ ዝቅ ሲያደርግ ኋላ ያለው አንዴ እየሮጠ አንዴ ፍሬን እየያዘ ነው የሚውለው። ክሩዝ ኮንትሮልን ለመኪና የፈለሰፈው ራልፍ ቲተር እኮ ዓይነ ስውር ነበር፣ ራሱ መንዳት የማይችል ሰው፣ መኪና የሚነዳለት ጠበቃው ፍጥነቱን ሲያዋዥቅበት ተማርሮ ነው ይባላል፣ ሥራው በ1958 እ.ኤ.አ. ክራይስለር ኢምፔሪያል ላይ ገባ። እኔ የመጨረሻው ሰው ስሆን ሰውየው ምን እንደተሰማው በደንብ ይገባኛል። ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ ዱካቲ ሙልቲስትራዳ ቪ4 የሚባለው ሞተር ላይ ቦሽ የሚባለው ኩባንያ የሠራው ራዳር አለ፣ ከፊት ካለው ጋር ርቀት ጠብቆ ይሄዳል፣ ቦሽ ጭራሽ በሰልፍ ዚግዛግ ሆነው የሚሄዱ ሞተሮችን የሚለይ ሲስተም ሠርቷል። ኢንጂነሮቹ ለሰልፍ ብለው ይሠራሉ የኛዎቹ ለሰልፍ ብለው ያስጠፋሉ።

አመራሮቹ በአቋማቸው ከጸኑ አንድ ነገር ልለምናቸው። በሚቀጥለው ረጅም ጉዞ፣ ሎክም ክሩዝም ሳይኖር፣ በደንባቸው መሠረት፣ ነዳጅ ማደያ እስኪደርሱ ሳይቆሙ ይንዱ። እዛ ሲደርሱ መኪና ይግዛ ያለው ሰውዬ ይውረድ፣ ጓንቱን ያውልቅና የታንኩን ክዳን ቁልፍ በቀኝ እጁ ብቻ በመጀመሪያ ሙከራ አስገብቶ ይክፈት። ሰው ሁሉ እያየው። ከከፈተ እዛው ቆሜ ሎኬን አወልቃለሁ።