ለወታደሩ እናትና አባት የሆኑትን ለምን ታነሷቸዋላችሁ?

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጎጃም አንድ የወንጌላውያን አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን የሽማግሌዎች ጉባኤ ውሳኔ አሳለፈ። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑ አገልጋዮች ከጦር ካምፕ አካባቢ አገልግሎት ይነሱ፣ በቦታቸው ወጣቶች ይተኩ ይላል። ውሳኔው የማንንም ስም አይጠቅስም። ማንን እንደሚነካ ግን ሁላችንም እናውቃለን። እዚያ ከ60 በላይ ሆነው የሚያገለግሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ባልና ሚስት ናቸው። እሳቸው ጡረታ የወጡ መምህር፣ ባለቤታቸው ልጆች አሳድገው ለወግ ያበቁ እናት። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼና እትዬ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው እላለሁ።

ከውሳኔው ይበልጥ ያናደደኝ ማብራሪያው ነው። አንዱ የጉባኤ አባል ለምእመናን ሲያስረዱ፣ «ወታደር ወጣት ነው፤ ወጣት የሚፈልገው ወጣት ዘማሪ እንጂ አያት አይደለም» አሉ። ይህን የሚናገር ሰው ከቤቱ ርቆ የሚያድር የ20 ዓመት ልጅ ቀርቦ አናግሮ አያውቅም።

የወታደር ማሠልጠኛውን ብር ሸለቆን የማያውቅ ጎጃሜ የለም። ወደ እኛ ካምፖች የሚመጣው ልጅ የጎረቤት ልጅ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 87 ሠራዊቱ የብሔር ብሔረሰቦችን ሚዛናዊ ተዋጽኦ እንዲይዝ ያዝዛል። ስለዚህ ልጁ ከጋሞ ተራራ ይመጣል፣ ከሐረርጌ ይመጣል፣ ከአፋር ይመጣል። ሰው አያውቅም። አገሩን አያውቅም። አንዳንዱ አማርኛውም ገና አልተፈታለትም። ጓደኛማ ካምፑ ውስጥ ሞልቶለታል፤ እኩያው ነው በቀኝ በግራው የሚተኛው። የጎደለው ሌላ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ፈቃድ ያገኙት ወደ ከተማ ይወጣሉ። ከካምፑ በር ጀምሮ መንገዱ ግራና ቀኝ አረቄ ቤት ነው። ከአረቄ ቤቶቹ መሃል አንዲት የቆርቆሮ ቤት አለች። ጋሼና እትዬ ከጡረታቸው ቆርሰው ነው የሚከራዩዋት። አንድ ቅዳሜ እዚያ ነበርኩ። አንድ ቀጭን ልጅ ገባና በሩ ላይ ከስክሱን አወለቀ። ካልሲው ተረከዙ ላይ ተቀዷል። እንዳይታይበት እግሩን ወንበሩ ሥር ከተተ። እትዬ አዩት። ረከቦቱን ገፋ አድርገው መርፌና ክር አወጡና «አምጣው ልጄ» አሉ። ልጁ አፈረ። በኋላ አውልቆ ሰጣቸው። እሳቸው ሲሰፉ እሱ ማውራት ጀመረ። የእናቱን ድምፅ ከሰማ ሦስት ወር አልፎታል። ጋሼ ስልካቸውን ሰጡት። በጋሞኛ ብዙ አወራ። ከዚያ ወደ እትዬ ዞሮ፣ «እናቴ እርስዎን ላናግር እያለች ነው» አለ። እትዬ ጋሞኛ አይችሉም፣ ሴትየዋም አማርኛ አትችልም። እትዬ ስልኩን ተቀብለው «አይዞሽ እህቴ፣ እኔ አለሁ፣ እኔ አለሁ» እያሉ ደጋገሙ። ከወዲያ ለቅሶ ይሰማል።

እስቲ የትኛው ወጣት ዘማሪ ነው ለዚያች እናት «እኔ አለሁ» ብሎ የሚያሳርፋት?

በዚህ አያበቃም። ጋሼ አንዱን ልጅ «አረቄውን ተው» ሲሉት አንገቱን ይደፋል። ያንኑ ቃል እኩያው ቢናገረው ጠብ ነው። ልጁ ሆድ ሲብሰው ማን ፊት ያለቅሳል? ጓዱ ፊት አያለቅስም፣ አለቃው ፊት አያለቅስም። ሽበት ያለው ሰው ፊት ግን ያለቅሳል። ትዳር ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ይለይለታል። አንድ አስር አለቃ የከተማዋን ልጅ ወደደ። ሊያገባት ቆርጧል፣ እሷም ወዳዋለች። ግን ማንን ሽማግሌ ይላክ? አባቱ ያሉት በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ነው። ጋሼ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሁለት የሰፈር አባቶች አስከትለው ሄዱ። የልጅቷ አባት አንዴ መለሷቸው፣ ሁለተኛም መለሷቸው፣ በሦስተኛው እሺ አሉ። ጎጃም ውስጥ የ22 ዓመት ዘማሪ ለሽምግልና ቢሄድ ከደጅ አያልፍም። ይህን የጉባኤው አባላት ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ልጆቻቸውን የዳሩት በዚሁ ሥርዓት ነው።

በሌላው ቀንም ሥራ አይፈቱም። በኪራይ ቤት ብቻቸውን የሚኖሩትን የወታደር ሚስቶች ይጠይቃሉ። አራስ ካለች እትዬ ገንፎ ያገነፋሉ። የአካባቢው ገበሬ ቤት ለቅሶ ሲኖር ከሁሉ ቀድመው ይደርሳሉ። «ከወታደር ጋር መዋል ወገን መለየት ነው» የሚሉ ሰዎች ይህን አያነሱም። የመቶ አለቃው ቆርኔሌዎስ ቤት የገባው ጴጥሮስ ወገን ለየ? ወታደሮች «እኛስ ምን እናድርግ?» ብለው ሲጠይቁት ዮሐንስ መጥምቁ ፊቱን አዞረባቸው? መለሰላቸው እንጂ። ግፍ አትሥሩ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ አላቸው። ጋሼም ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያነቡላቸው ይህንኑ ነው። መሣሪያ የያዘ ልጅ በዚህ ዘመን ይህን ቃል ከማን አፍ እንዲሰማ ነው የምንፈልገው?

ጉባኤው «ለደኅንነታቸው አስበን ነው» የሚል መከላከያም አለው። መንገዱ አስጊ ነው፤ ይህን አልክድም። ከ2015 ክረምት ወዲህ በጎጃም መንገድ ልቡ ሳይመታ የሚጓዝ የለም። ግን ውሳኔው አገልግሎቱ ይቁም አላለም። ወጣት ይሂድ ነው ያለው። ለአዛውንት የሚያሰጋ መንገድ ለወጣት ደኅና ሆነ ማለት ነው? ኬላው ላይ ማን እንደሚወርድና ማን እንደሚጠየቅ ተሳፋሪ ሁሉ ያውቃል። ወጣት ወንድ ነው። ነጠላ የለበሱ ባልና ሚስት «እለፉ» ይባላሉ። ለሰው ሕይወት የተጨነቀ ጉባኤ እንዴት የ22 ዓመት ልጅ እዚያ መንገድ ላይ ያወጣል?

ዕድሜን በተመለከተ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ይግለጡ። አብርሃም ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ ነበር። ሙሴ ፈርዖን ፊት ሲቆም 80፣ አሮን 83። 60 የመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ ዕድሜ ነው፤ የወንጌል አገልግሎት የጡረታ ዕድሜ የት ተጽፏል? አጵሎስን ወደ ቤታቸው ወስደው መንገዱን በትክክል ያስረዱት አቂላና ጵርስቅላም ባልና ሚስት ነበሩ። ሌላው ቀርቶ በትምህርት ፈጽሞ የማንስማማቸው፣ ሞርሞኖች የሚባሉት የአሜሪካ ቤተ እምነት ሰዎች ጡረታ የወጡ ባልና ሚስቶችን በጦር ሰፈር አካባቢ ይመድባሉ። ወጪያቸውን ራሳቸው ሸፍነው፣ አንዳንዶቹ እስከ 23 ወር ያገለግላሉ። እነሱ ከልጅ እግሩ ሚሲዮናዊ የተለየ ነገር አዛውንቱ ዘንድ እንዳለ አይተዋል። እኛ፣ ሽማግሌ ሲገባ ከመቀመጫችን የምንነሳ ሕዝብ፣ ይህ እንዴት ይጠፋናል?

ሕጉም ቢሆን መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። ካምፕ ውስጥ ገብተን እንስበክ ያለ የለም። ጋሼና እትዬ የካምፑን በር አልፈው አያውቁም። የሚያገለግሉት ከበሩ ውጭ ነው፤ ፈልጎ የመጣውን፣ በፈቃድ ቀኑ፣ በቡና ሰዓት።

ወጣቶቹ ይሂዱ፣ ይዘምሩ፣ ማንም አልከለከለም። ከእትዬ ጋር ይሂዱ፣ ረከቦቱን ያቅርቡ፣ ውኃውን ይቅዱ፣ እያዩ ይማሩ። ጉባኤው ግን በሚቀጥለው ስብሰባው ይህን ውሳኔ ያንሳ። ሁለቱንም ጠርቶ በምእመናን ፊት ይቅርታ ይጠይቃቸው። የዚያችን ቆርቆሮ ቤት ኪራይ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ከጡረታቸው ሳይሆን ከቤተ ክርስቲያኒቱ ካዝና ይክፈል።