በአርማታ የተሠራው የጦር መኪና ሞኝነት አልነበረም

ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በየጊዜው የሚዞር አንድ ፎቶ አለ። አሮጌ የጭነት መኪና ነው። ዕቃ በሚጫንበት ቦታ ላይ ወፍራም የአርማታ ሳጥን ተቀምጦበታል። ሳጥኑ የመተኮሻ ቀዳዳዎች አሉት። ፎቶው አብዛኛውን ጊዜ "የዓለማችን አስቂኝ ታንኮች" ከሚል ዓይነት ርዕስ ጋር ይለጠፋል። ከሥሩ ሰው ይስቃል፣ ያላግጣል።

እኔ በዚህ ሳቅ አልስማማም። መኪናው ቢሶን ይባላል። በ1940 እንግሊዝ ውስጥ ነው የተሠራው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ታንክ እንዲሆን ማንም አላሰበም። ለአንድ የታወቀ ሥራ ተሠራ፤ ለዚያ ሥራ ደግሞ በወቅቱ ከነበሩት ሐሳቦች ሁሉ ከተሻሉት አንዱ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ጊዜውን እናስታውስ። ሜይ 1940 መጨረሻ ላይ የእንግሊዝ ጦር ፈረንሳይ ውስጥ ተሸንፎ ዳንከርክ ባሕር ዳርቻ ላይ ተከቦ ነበር። እስከ ጁን 4 ድረስ 338 ሺህ ያህል የእንግሊዝና የአጋሮቿ ወታደሮች በመርከብና በጀልባ ተሻገሩ። ሰው ተረፈ፤ ዕቃው ግን እዚያው ቀረ። ወደ 2,500 የሚጠጋ መድፍ፣ ከ60 ሺህ በላይ መኪና፣ ከ400 በላይ ታንክ ተትቶ ተመጣ። አገሪቱ ወረራ እየጠበቀች ባዶ እጇን ቀረች ማለት ይቻላል።

ከባሕሩ ይልቅ ብዙ ሰው ዓይኑን የጣለው ሰማዩ ላይ ነበር። ለዚህም ምክንያት ነበረው። ሜይ 10 ቀን የጀርመን አየር ወለዶች ሆላንድ ውስጥ አየር ማረፊያዎች ላይ ወርደዋል። በዚያው ማለዳ ከመቶ የማይሞሉ ጀርመኖች በተንሸራታች አውሮፕላን ቤልጂየም ውስጥ ኤበን ኤማል የተባለው ግዙፍ ምሽግ አናት ላይ አረፉ። ምሽጉ በማግስቱ እጁን ሰጠ። ሜይ 14 ቀን የእንግሊዝ የጦር ሚኒስትር አንተኒ ኤደን በሬዲዮ ቀርበው ከ17 እስከ 65 ዓመት ያሉ ወንዶች አገራቸውን ለመጠበቅ በፈቃደኝነት እንዲመዘገቡ ጠየቁ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ሩብ ሚሊዮን ያህል ሰው ተመዘገበ። ብዙዎቹ ይዘው የመጡት የአደን ጠመንጃ ነበር። አንዳንዱም ምንም አልነበረውም።

አሁን ወደ አየር ማረፊያው እንምጣ፤ ነገሩ ሁሉ የሚገለጠው እዚያ ነው። የጊዜው አየር ማረፊያ ብዙውን ጊዜ ሰፊ የሣር ሜዳ ነው። ጠላት እንዳያርፍበት ጉድጓድ ቆፍሮ፣ አሮጌ መኪና ደርድሮ መዝጋት በሌላ ሜዳ ላይ ይቻላል፤ ተደርጓልም። አየር ማረፊያን ግን መዝጋት አይቻልም፤ የራስ አውሮፕላኖች መነሳትና ማረፍ አለባቸው። መሐል ሜዳ ላይ የኮንክሪት ምሽግ መገንባትም አይቻልም፤ በተመሳሳይ ምክንያት። ከመሬት በታች ተደብቆ ሲያስፈልግ ብቅ የሚል ክብ ምሽግም ተሞክሯል። ውሃ እየገባበት አስቸገረ። ስለዚህ የሚያስፈልገው በሰላሙ ጊዜ ዳር የሚቆም፣ ደወል ሲደወል መሐል የሚገባ ምሽግ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። የጀርመን አየር ወለድ ሲዘል አብዛኛውን ጊዜ በእጁ ያለው ሽጉጥና የእጅ ቦምብ ነው። ጠመንጃውና መትረየሱ በሌላ ፓራሹት፣ በሣጥን ታሽጎ ይወርዳል። ወታደሩ መሬት ሲነካ መጀመሪያ ፓራሹቱን መፍታት፣ ከዚያ ሣጥኑን መፈለግ፣ ሮጦ መድረስ፣ መክፈት አለበት። በእነዚያ ደቂቃዎች ገላጣ ሜዳ ላይ ነው፤ መከለያ የለውም። አንድ መትረየስና ጥይት የማያሳልፍ ግድግዳ ያለው መኪና በዚያ ሰዓት ሜዳው ላይ ቢገኝ ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ አይከብድም። ፍጥነት አያስፈልገውም። ጋራ መውጣት አያስፈልገውም። ታንክ ጋር መግጠምም ሥራው አይደለም።

ብረት ግን የለም። ያለው ብረት ሁሉ ለመርከብ፣ ለታንክና ለመድፍ ይፈለጋል። እዚህ ላይ ነው ቻርልስ በርናርድ ማቲውስ የሚመጡት። ሊድስ ከተማ ያለው የኮንክሪት ሊሚትድ ኩባንያ ዳይሬክተር ነበሩ። ሲሚንቶ አላቸው፣ ጠጠር አላቸው፣ ሠራተኛ አላቸው። አሮጌ የጭነት መኪና ሻንሲ ከየቦታው ሰበሰቡ፤ ሌይላንድ፣ ቶርኒክሮፍት፣ ዴኒስ፣ የተገኘውን ሁሉ። ከመጀመሪያው ሙከራ በኋላ አርማታውን አጠናከሩት፤ ውፍረቱም ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ደረሰ። ጋቢናውን ጨምረው በአርማታ ሸፈኑት። ቢሶን የሚለው ስም የመጣው ከኩባንያው የንግድ ምልክት ነው። በጠቅላላው ከ200 እስከ 300 የሚሆኑ ተሠሩ።

ጉድለቱን አልክድም። መኪናው ለዚያ ክብደት አልተሠራም። ባሌስትራው ይጎብጣል፣ ሞተሩ ያቃስታል። ሹፌሩ በጠባብ ቀዳዳ ነው የሚያየው፤ አደጋ ቢደርስ ከጋቢናው መውጣት ጣጣ ነበር። የመድፍ ጥይት ቢያገኘው ውስጥ ያሉትን ማዳን መቻሉ ያጠራጥራል። ነገር ግን እነዚህ ጉድለቶች ከሜዳው ዳር እስከ መሐል ለሚሄድ ምሽግ ብዙም አያሰጉም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ለአንድ መርከብ ወይም ለአንድ ታንክ የሚሆን ብረት አልተሻማም። ለእኔ ትልቁ ብልሃት ይህ ነው።

የሎንደን ሚድላንድ ኤንድ ስኮቲሽ የባቡር ኩባንያም ተመሳሳይ መንገድ ያዘ። አርማዲሎ የተባለውን መኪና ሠራ፤ ድርብ የጣውላ ግድግዳ፣ በመሐሉ ጠጠር። እንጨት የሚያውቁ የባቡር ፉርጎ ሠራተኞች የሚያውቁትን ሠሩ።

የሚገርመኝ ሰው ብዙም የማይስቅበት ሌላው መኪና ነው፤ ቢቨሬት። ስሙ የአውሮፕላን ምርት ሚኒስትር ከነበሩት ከሎርድ ቢቨርብሩክ የመጣ ነው። ኮቨንትሪ የሚገኘው ስታንዳርድ የመኪና ኩባንያ ወደ 2,800 የሚሆኑ ሠርቷል። የተሠራው በቤት መኪና ሻንሲ ላይ ነው። 11 ሚሊ ሜትር ብረት፣ ከብረቱ ጀርባ ደግሞ ወፍራም የኦክ ጣውላ ተደረገለት። በፎቶ ሲታይ እውነተኛ የጦር መኪና ይመስላል፤ ለዚህ ይመስለኛል የማይሳቅበት። ነገር ግን የቤት መኪና ሞተር ያንን ሁሉ ይዞ ከመንገድ ሲወጣ ይቸገራል። ሹፌሩ ከፊቱ ካለው ጠባብ ቀዳዳ ውጭ የሚያየው የለም ማለት ይቻላል፤ ወዴት እንደሚዞር አጠገቡ ያለው ሰው ይነግረዋል። ቢቨሬት ለመሮጥ ታስቦ በደንብ አይሮጥም፤ ውድ የሆነውንም ብረት ይበላል። ቢሶን ለመቆም ታስቦ በደንብ ይቆማል። ከሁለቱ ለየትኛው ማዘን እንዳለብን ግልጽ ነው።

ከልቤ የማዝነው ግን ለመንደር ፈቃደኞቹ ነው። ኋላ ሆም ጋርድ የተባሉት እነዚህ ሰዎች በየጋራዡ የራሳቸውን መኪና ብረት አለበሱ። ያገኙት የእንፋሎት ጋን ላሜራ ነበር። ይህ ላሜራ እንደ ጦር ብረት በሙቀት አልጠነከረም፤ ቅርብ ርቀት ላይ የጠመንጃ ጥይት ሊበሳው ይችላል። እነዚያ አባቶችና ወጣቶች ግን እሱን ተማምነው ለመግባት ዝግጁ ነበሩ።

ይህ ነገር የእንግሊዞች ብቻ አይደለም። በ1941 ጎንደር ላይ በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር የተከበቡት ጣሊያኖችም ከውጭ የሚመጣው ሁሉ ሲቋረጥባቸው እዚያው ጋራዥ ውስጥ የጭነት መኪና ብረት አልብሰው ነበር። የተከበበ ሰው ያለውን ይዞ ይሠራል።

"ታዲያ ቢሶን አንድም ቀን አልተዋጋም፤ ጥቅሙ ምኑ ላይ ነው?" የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ አልተዋጋም። ሂትለር ሴፕቴምበር 17 ቀን 1940 ወረራውን ላልተወሰነ ጊዜ አራዘመ፤ ወራሪው ሳይመጣ ቀረ። ነገር ግን ቢሶን የተሠራበት ሥጋት ትክክል እንደነበር ከስምንት ወር በኋላ ታየ። ሜይ 20 ቀን 1941 ጀርመኖች ክሬት ደሴት ላይ በአየር ወረዱ። የመጀመሪያው ቀን ለእነሱ እልቂት ነበር። የጦርነቱን ፊት የለወጠው ማለሜ የተባለ አንድ አየር ማረፊያ በእጃቸው መግባቱ ነው። እሱን ከያዙ በኋላ የማጓጓዣ አውሮፕላኖቻቸው የተራራ ወታደር እያራገፉ ተመላለሱ፤ ደሴቲቱም ወደቀች። ቢሶን እዚያ ቢኖር ክሬት ትድን ነበር አልልም፤ ከላይ ቦምብ እየወረደ ነበር። ግን አንድ አየር ማረፊያ በጠላት እጅ መግባቱ ምን እንደሚያስከፍል ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም።

የእንግሊዝ አየር ኃይል ማረፊያዎቹን የሚጠብቅለት የራሱን ምድር ጦር ያቋቋመው ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1942 ነው፤ ክሬት ከወደቀች በኋላ። የሊድሱ ኮንክሪት ፋብሪካ ለዚያው ችግር ባለው ሲሚንቶ መፍትሔ መሥራት የጀመረው ግን ክሬት ከመውደቋ በፊት ነበር።