ፀሐይ የሚመታው ቤት

የእህቴ ልጅ ደብረ ብርሃን ሥራ አገኘች። አንድ ፋብሪካ ውስጥ፣ ጥራት ቁጥጥር ክፍል። ያደገችው አዲስ አበባ ነው፤ ከተማውን የምታውቀው ወደ ደሴ ስታልፍ በመኪና መስኮት ብቻ ነው። ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ቤት የት ልከራይ?»

እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። ከወጣሁ ብዙ ዓመቴ ነው፤ ቢሆንም በመጠየቄ ደረቴ ተነፋ። እኔም ለሥራ ብዬ በቅርቡ ቤት ቀይሬ ስለነበር ምክሩ ትኩስ ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ዋናው መንገድ ነው። ከሥራሽ አጠገብ ተከራዪ፣ ሌላውን እርሺው» አልኳት።

እንዲህ ያስባለኝ የራሴ ጣጣ ነው። የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነበር። ለሐበሻ እዚያ ምን ይጎድላል? እንጀራው አለ፣ ቡናው አለ፣ ፀጉር አስተካካዩ ሳይቀር አማርኛ ያወራል። ከዚያ ሥራዬ ቨርጂኒያ፣ አሽበርን የሚባል ቦታ ሆነ። ዓለም የሚልከው ፎቶና ቪዲዮ የሚከማችባቸው ዳታ ሴንተሮች እንደ መጋዘን ተደርድረው የሚታዩበት ሰፈር ነው። ርቀቱ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ሰንዳፋን አልፋችሁ፣ አለልቱ ልትደርሱ ስትሉ ማለት ነው። ምን አላት? ብዬ ነበር።

ቤልትዌይ የሚሉት ቀለበት መንገድ ግን በኪሎ ሜትር አይለካም። ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ብወጣ በጊዜ እደርሳለሁ። 12 ሰዓት ተኩል ብወጣ አለቀልኝ። አቋራጩ መንገድ ደግሞ በክፍያ ነው፤ የምሳዬን ይበላል። ባቡሩም ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አሽበርን ድረስ ይሄዳል፣ መስመር ቀይሬ ሞክሬዋለሁ። ባቡሩ ጥሩ ነው። ችግሩ ከወረድኩ በኋላ ነው፤ መሥሪያ ቤቴ በር ድረስ የሚያደርሰኝ ባጃጅ የለም። ለ7 ወር እንዲህ ተንከራተትኩና ለቅቄ አሽበርን ገባሁ።

ቤት ስፈልግ የማን ልጅ እንደሆንኩ የጠየቀኝ የለም። የጠየቁኝ ክሬዲቴን፣ ማለትም ዕዳዬን በጊዜ የመክፈል ታሪኬን፣ እና ደመወዜን ነው። ደመወዝህ የኪራዩ 3 እጥፍ ካልሆነ ብዙዎቹ ፊት አይሰጡህም። ቅጹን በስልኬ ሞላሁ፣ ኮምፒውተር አየው፣ በማግስቱ «ተፈቅዶልሃል» የሚል መልእክት መጣ። ልጅ ያላቸው ሰዎች ጭንቀት ሌላ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚመደበው በአድራሻ ስለሆነ ቤት የሚመርጡት በትምህርት ቤት ነው። እኔ እዚያ አልደረስኩም።

ይህን ሁሉ ለእህቴ ልጅ አወራሁላት። ሰማችኝና ሳቀች። «ጋሼ፣ ሰርቪስ አለን እኮ! መንገድ ላይ ቆመን ያነሱናል። ከተማዋ ደግሞ ስንት ናት?»

አፈርኩ። ለካ መንገድ የሚሉት ጣጣ የእኔ ነው።

ከዚያ በኋላ ዝም ብዬ ማዳመጥ ጀመርኩ። ደላላው የመጀመሪያው ቀን 4 ቤት አሳያት። አከራዮቹ ክሬዲት አይጠይቁም፣ ሰውን ራሱን ነው የሚጠይቁት። አገርሽ የት ነው? ብቻሽን ነሽ? እንግዳ ይበዛብሻል? ምጣድ አለሽ? ምጣድ ካለሽ የመብራቱ ነገር ሌላ ሒሳብ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ያ ማንም የማይጠይቅበት ቅጽ ተመችቶኝ ነበር። አንዷ አከራይ የውጪ በር የሚቆለፈው ማታ 2 ሰዓት ነው አሏት። እሷ የማታ ፈረቃ ሲደርሳት የምትገባው 4 ሰዓት ነው። «እናቴ፣ ከሥራ ነው የምመጣው» ብትላቸው «ይሁን ልጄ፣ ሰው ግን ምን ይላል?» አሉ። ቤቱ ጥሩ ነበር፣ በዚህ ቀረ። ሰው ምን ይላል የሚለው ነገር ከቤልትዌይ ያልተናነሰ ሰዓት እንደሚበላ ያን ቀን ገባኝ።

ሌላኛው የ3 ወር ቅድሚያ ጠየቀ። እሷ ደግሞ የተማረች ናት፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር አይበልጥም እንደሚል ነገረችው። አዋጁ በክልል የትኞቹ ከተሞች ላይ እንደሚሠራ የሚወስኑት ክልሎቹ ናቸው፣ ክርክሩ ግን እዚያ ድረስም አልሄደ። ደላላው ቀበል አድርጎ «በይ እንግዲህ አዋጁ ውስጥ ግቢ» አላት። ተናድጄ ልናገር ስል ሳቅ ቀደመኝ።

በመጨረሻ ሁለት ቤት ቀሩ። አንዱ አዲስ ብሎኬት ነው። ወለሉ ሴራሚክ፣ ሽንት ቤቱ ለብቻ። ሁለተኛው ጠባሴ በኩል ያለ አሮጌ ጭቃ ቤት ነው፤ ሽንት ቤቱ የጋራ፣ ውሃው በፈረቃ፣ ግቢው ውስጥ ግን አንድ ትልቅ ሮቶ አለ። ፎቶዎቹን ላከችልኝ። ሳላመነታ «ብሎኬቱን ያዢ» አልኳት።

አልሰማችኝም፤ ቡና ያጠጧትን አንዲት የሰፈር እናት ነው የሰማችው። «ልጄ፣ ሴራሚክ አያታልልሽ። ፀሐይ የሚመታው የትኛው ነው?» ነው ያሏት። ሄዳ አየች። ብሎኬቱ አጠገቡ ፎቅ ተገትሮበት እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ጥላ ነው። ኮርኒስም የለውም። ጭቃ ቤቱ በሩ ወደ ምሥራቅ ነው፣ ገና 1 ሰዓት ላይ ፀሐይ ደጁ ላይ ትዘረጋለች።

እዚህ ላይ ነው የተሸማቀቅኩት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎ ያነጋል። ልጅ ሆነን ጠዋት ጠዋት ከግድግዳው ጋር ተለጥፈን፣ ጋቢ ተከናንበን ፀሐይ እንሞቅ ነበር። ማን ከማን አጠገብ እንደሚቆም የምንጣላበት ግድግዳ ነበረን። የአገሩ ሰው የመንዝ ባና የሚደርበው ለጌጥ አይደለም። ይህን ሁሉ ረስቼ ስለ ሴራሚክ አወራሁ።

ጭቃ ቤቱን ያዘች። የጋራው ሽንት ቤት ያማርራታል፣ ውሃ በሚመጣበት ቀን ጀሪካን ስትደረድር ታድራለች፣ አከራይዋ ምጣዱን እስካሁን ይቆጥሩባታል። ታኅሣሥ ላይ ግን ፎቶ ላከችልኝ። ደጇ ላይ በርጩማ፣ በርጩማው ላይ ሻይ፣ ከኋላው ግድግዳው ላይ ፀሐይ።

ፎቶውን ሳይ የራሴ ክፍል መስኮት ወዴት እንደሆነ ሳላውቅ 5 ወር እንደኖርኩ ትዝ አለኝ። ኮምፓስ ከስልኬ ከፍቼ አየሁ። ሰሜን ነው፤ ፊት ለፊቱ የመኪና ማቆሚያ ነው። ቅዳሜ ወደ ኪራይ ቢሮው ወረድኩና ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት ክፍል እንዳላቸው እዚያ የምትሠራዋን ልጅ ጠየቅኳት። ልጅቷ ኮምፒውተሯ ላይ ፈለገች፣ ፈለገች። ከዚያ ተጨንቃ አየችኝ።

«ማሞቂያው አልሠራ አለህ?» አለችኝ።