የእናቱን ጋዜጣ የሸጠው ልጅ

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ላይ ተቀምጠን የዋሽንግተን ፖስት ነገር ተነሣ። አንዱ ወዳጃችን ታክሲ ነጂ ነው። ተሳፋሪ በጠበቀ ቁጥር ይህንን ጋዜጣ ሲያነብ ዓመታት አልፈውታል። ገና ከጅምሩ ተቆጣ።

«ዶናልድ ግራሃም የአያቱን ጋዜጣ ነው የሸጠው» አለ። «አያቱ ዩጂን ሜየር በፈረንጆቹ 1933 ከሐራጅ ገዛው። እናቱ ካትሪን ፕሬዚዳንት ኒክሰንን ተቋቁማ አቆየችው። እሱ በ2013 በ250 ሚሊዮን ዶላር ለአማዞኑ ባለጸጋ ለቤዞስ አስረከበው። አደራ እንዲህ ነው?»

«ሰውየውን አላወቅከውም ወንድሜ» አለችው ሂሳብ ሠራተኛዋ እህታችን። «ከሃርቫርድ ወጥቶ ቬትናም ዘምቷል። ሲመለስም ቢሮ ተዘጋጅቶለት አልገባም። እዚሁ ዲሲ ተራ ፖሊስ ሆኖ ሰፈር ጠብቋል። ከዚያ ነው በ1971 ጋዜጣው ቤት በሪፖርተርነት የጀመረው።»

«ደግነቱን መች ካድኩ? ችግሩ ደግነቱ ነው። በ2005 ከፌስቡክ ድርሻ ሊገዛ ከመሥራቹ ከወጣቱ ዙከርበርግ ጋር በቃል ተስማምቶ አልነበር? ልጁ የተሻለ ገዢ መጣልኝ ሲለው ለቀቀው። ያቺን ድርሻ ቢይዝ ኖሮ መሸጥ ባላስፈለገው።»

«ቃል ያሰረውን ልጅ መልቀቅ ጥፋት ነው እንዴ? የጋዜጣው ገቢ እኮ ሰባት ዓመት በተከታታይ ቀነሰ። ማስታወቂያው ወደ ኢንተርኔት ሄደ። የኩባንያቸውን መጽሔት ኒውስዊክን በ2010 ከነዕዳው በአንድ ዶላር ሸጠዋል። ፖስትም እዚያ እስኪደርስ ይጠብቅ?»

እስካሁን ዝም ያሉት ጋሼ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «የእንግሊዙ ጋርዲያንስ? ጆን ስኮት በ1936 ጋዜጣውን ትረስት ለሚሉት የአደራ ተቋም ሰጠ። ሰውየው እንደዚያ ቢያደርግስ?»

«ጋሼ፣ ጋርዲያን በቤተሰቡ እጅ ነበር። የፖስት አክሲዮን ግን በገበያ ይሸጥ ነበር። የሌላ ሰው ንብረት እንዴት በነጻ ይሰጣል?» አለች እህታችን።

ጋሼ መልስ አልሰጡም። ቡናው ሦስተኛ ደረሰና ወሬው ወደ ሌላ ሄደ።

እኔን ግን ቤቴም ገብቼ አልለቀቀኝም። አክሲዮኑ ለሕዝብ የተሸጠው በ1971 ጁን 15 ነው። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ጋዜጣው የቬትናም ጦርነትን ምስጢራዊ ሰነዶች ማተም ጀመረ። ጠበቆቹ አይታተም ብለው ነበር። ክስ ቢመጣ የአክሲዮን ሽያጩ ራሱ ሊፈርስ ይችል ነበር። ካትሪን ቤቷ እንግዳ እያስተናገደች፣ ስልክ ላይ፣ አትሙ አለች። በወሩ መጨረሻ ከፍተኛው ፍርድ ቤት 6 ለ3 ፈረደላቸው።

ልጇ የወረሰው የዚያን ሳምንት ሁለቱንም ነገር ነው። ድፍረቱንም፣ አክሲዮኑንም። አክሲዮኑ ባለድርሻ አመጣ፤ ባለድርሻ ደግሞ ትርፍ ይጠይቃል። ስለዚህ መሸጡን ክህደት የሚለውን አልቀበልም። በእጁ ከሚሞት ገንዘብ ላለው ሰው መስጠቱ ትክክል ነበር። ቤዞስም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጋዜጠኛ ጨምሮበታል።

ድፍረቱ ግን በ250 ሚሊዮኑ ውስጥ አልነበረም። በ2024 ምርጫ ዋዜማ ካማላ ሃሪስን የሚደግፍ ርዕሰ አንቀጽ ተዘጋጅቶ ሳለ የጋዜጣው ባለቤት ቤዞስ አስቀረው። ብዙ አንባቢ ደንበኝነቱን ሰረዘ። ባለታክሲው ወዳጃችን ያን ሰሞን ስልኩን እያሳየን ተክዞ ነበር። ያዘነው በዚህ ከሆነ እኔም አብሬው አዝናለሁ። ዶናልድ ግራሃምን ግን አልወቅስም።